አንድ ስም ብቻ የተጻፈበት ሸክላ፦ የዘ አኒማልስ አምስት ሰዎች ከ1966 በኋላ

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «‹ዘ ሀውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን›ን የተጫወቱት የእንግሊዞቹ ዘ አኒማልስ ባንዳቸው ከፈረሰ በኋላ ምን ሆኑ? የዘፈኑን ገንዘብ አንዱ አባል ብቻ ወስዶት አራቱ የበይ ተመልካች ሆነው ቀሩ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

ከኋለኛው ብጀምር ይሻላል። የሙዚቃ መብትና ክፍያ የዕለት ሥራዬ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ደግሞ የክፍያው ነገር ካልታወቀ በቅጡ አይገባም። ስለ ገንዘቡ የሰሙት በአብዛኛው እውነት ነው። «የበይ ተመልካች ሆነው ቀሩ» የሚለው ግን ለአንዳንዶቹ ይሠራል፤ ለአንደኛው ፈጽሞ አይሠራም። እንዲያውም ከአምስቱ ትልቁን ሁለተኛ ሕይወት የኖረው ከዚያ ዘፈን የቅንብር ክፍያ ያልደረሰው ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

አምስቱም የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ልጆች ናቸው፤ ከኒውካስልና ከአካባቢዋ። ድምፃዊው ኤሪክ በርደንና ድራመሩ ጆን ስቲል የተዋወቁት በ1956 በኒውካስል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቻስ ቻንድለር በመርከብ ግንባታ ቦታዎች የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ጊታሪስቱ ሂልተን ቫለንታይን ከኖርዝ ሺልድስ ነው የመጣው። ኦርጋኑን የሚጫወተው አለን ፕራይስ ሲሆን ባንዱ መጀመሪያ የሚጠራው በእሱ ስም ነበር። በከተማው የምሽት ክበብ የነበረው ማይክ ጄፈሪ ማናጀራቸው ሆነና በ1964 መጀመሪያ ለንደን ገቡ።

ሜይ 18 ቀን 1964 ከቸክ ቤሪ ጋር ያደርጉት ከነበረው የኮንሰርት ጉዞ መሃል ለንደን ኪንግስዌይ መንገድ ላይ ወዳለው ደ ሌን ሊ ስቱዲዮ ጎራ ብለው ዘፈኑን ቀዱት። በኮንሰርቱ በየምሽቱ ሲጫወቱት ስለነበር እጃቸው ላይ ገብቶ ነበር። አንድ ጊዜ ተጫወቱት፤ ፕሮዲዩሰሩ ሚኪ ሞስት በቃ አለ፤ ዛሬ የምንሰማው ያንኑ ነው። የዚያ ዘመን ሲንግል (የአንድ ዘፈን ሸክላ) ከሦስት ደቂቃ ብዙም በማያልፍበት ጊዜ ይህ አራት ደቂቃ ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በጁላይ በእንግሊዝ፣ በሴፕቴምበር በአሜሪካ አንደኛ ወጣ።

ዘፈኑን የደረሱት ግን እነሱ አይደሉም፤ ሌላም የታወቀ ደራሲ የለውም። በአሜሪካ ገጠር ሲዘፈን የኖረ ነው። የሕዝብ ዘፈኖች ሰብሳቢው አለን ሎማክስ በ1937 ኬንታኪ ውስጥ ጆርጂያ ተርነር ከምትባል ወጣት አፍ ቀድቶታል፤ ቦብ ዲለንም በ1962 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ተጫውቶታል። የእኛን ትዝታ ያስቡት። ትዝታን «እኔ ደረስኩት» የሚል ሰው የለም፤ ነገር ግን አንድ ባንድ ትዝታን በራሱ መንገድ አቀናብሮ ሸክላ ቢያሳትም ቅንብሩ ባለቤት ይኖረዋል። በዚህኛው ሸክላ መሃል በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ የታተመው «ባህላዊ፤ ቅንብር አለን ፕራይስ» የሚል ነበር። አራቱ ስማቸው የለም። ለምን ሲባል አባላቱ ሲናገሩት የኖሩት፣ የአምስት ሰው ስም ወረቀቱ ላይ አይበቃም፣ አለን ደግሞ በፊደል ተራ ይቀድማል መባሉን ነው።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ የድርሰቱና የቅንብሩ ነው፤ ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ ነው። በአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ አንድ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለደራሲው፣ ለአቀናባሪውና ለአሳታሚው ብቻ ነው። ለዘፈነው፣ ጊታር ለመታው፣ ድራም ለመታው ሰው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም፤ ሕጉ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ስለዚህ ያ ዘፈን ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር በአየር ላይ የሚናኘው የበርደን ድምፅ ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው ግን ወረቀቱ ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ነው። በእንግሊዝ ለተጫዋቾችም እንዲከፈል በሕግ የተደነገገው በ1996 ነው። ከድምፅ ቅጂው የሚገኘው መብትም ዕድሜው አጭር ነው፤ በፊት ሃምሳ ዓመት ነበር። አውሮፓ በ2011 ወደ ሰባ ባያራዝመውና እንግሊዝም በ2013 ሥራ ላይ ባታውለው ኖሮ የዚህ ቅጂ መብት በ2014 መጨረሻ ባበቃ ነበር፤ አሁን እስከ 2034 መጨረሻ ይዘልቃል። የአቀናባሪው መብት ግን ከሞቱም በኋላ ሰባ ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። በአንድ መስመር ጽሑፍ የተፈጠረው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ደግሞም ፍትሕ ከተባለ፣ ዘፈኑን ገና ሲጀምር እንድናውቀው የሚያደርገን የቫለንታይን ጊታር ነው። ኤ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ እያለ ኮርዱን በክር በክር ነጥሎ የሚሄደው ያ አገባብ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ጊታር ጀማሪ ሁሉ ከሚለማመዳቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። የፕራይስ የኦርጋን ሶሎ ድንቅ ነው፤ ዘፈኑን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ግን ቅንብሩ የአንድ ሰው ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

አሁን ወደየሰዎቹ።

ፕራይስ በ1965 ከባንዱ ወጣ። በአውሮፕላን መሄድ ይፈራ ነበርና የአሜሪካው ጉዞ አስጨንቆት ነበር። ይህን ሰው በዚያ ዘፈን ክፍያ ብቻ ማስታወስ ግን በደል ነው። የራሱን ባንድ አቋቁሞ በ1966 እና በ1967 በእንግሊዝ አሥር ውስጥ የገቡ ዘፈኖች አወጣ። ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀውን የአሜሪካዊውን ራንዲ ኒውማን ድርሰቶች ለእንግሊዝ አድማጭ ካስተዋወቁት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነው። በ1973 ዳይሬክተሩ ሊንዚ አንደርሰን በሠራው «ኦ ለኪ ማን!» ፊልም ሙዚቃውን ደረሰ፤ ከዚያም አልፎ ራሱን ሆኖ ከነባንዱ ፊልሙ ውስጥ እየገባ ታሪኩን በዘፈን ይተርካል። ለዚህ ሥራው የብሪታንያን ባፍታ ሽልማት ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ያወጣው «ጃሮው ሶንግ» ለእኔ የሥራዎቹ ሁሉ ራስ ነው። በ1936 ከጃሮው ከተማ ተነሥተው ሥራ ይሰጠን እያሉ እስከ ለንደን በእግራቸው ስለተጓዙ ሁለት መቶ ያህል ሥራ ፈት ሠራተኞች ነው የሚዘፍነው፤ ፕራይስ የተማረውም በዚያችው ከተማ ነው። በእንግሊዝ ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ። ቋሚ ገቢ ያለው ሙዚቀኛ ገበያ የማይፈልገውን የመሥራት ነፃነት አለው፤ ፕራይስ ያንን ነፃነት በደንብ ተጠቅሞበታል ብዬ አምናለሁ።

የቻንድለር ነገር ረዘም ያለ ቦታ ይገባዋል።

በ1966 ክረምት ባንዱ በመጨረሻው የአሜሪካ ጉዞ ላይ ነበር። ቻንድለር ሙዚቃ መጫወት ሰልችቶት ፕሮዲዩሰር መሆን ፈልጓል። «ሄይ ጆ» የሚለውን ዘፈን በቲም ሮዝ ድምፅ ሰምቶት እንግሊዝ ስመለስ ይህን የሚዘፍንልኝ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ወስኗል። ያኔ የሮሊንግ ስቶንሱ የኪት ሪቻርድስ ጓደኛ የነበረችው ሊንዳ ኪት፣ በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ሰፈር፣ ካፌ ዋህ የሚጫወት አንድ ጊታሪስት አለ፣ መጥተህ ስማው አለችው። ሄደ። ልጁ የተጫወተው «ሄይ ጆ»ን ነበር። ስሙ ጂሚ ሄንድሪክስ ይባላል፤ ያኔ የሚጠራው ጂሚ ጄምስ ተብሎ ነው፤ ከሰፈሩ ውጭ የሚያውቀውም እምብዛም አልነበረም። ሄንድሪክስ ለንደን ለመሄድ ሲጠየቅ መልሶ የጠየቀው እንግሊዛዊውን ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተንን ታስተዋውቀኛለህ ወይ ብሎ ነው ይባላል። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1966 ለንደን ገቡ፤ በሳምንቱ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ፣ ሄንድሪክስ ከክላፕተን ባንድ ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆሞ ጊታር ይጫወት ነበር።

ቻንድለር ኖኤል ሬዲንግንና ድራመሩን ሚች ሚቼልን ቀጠረለት፤ ጊታሪስት ሆኖ የመጣውን ሬዲንግ ቤዝ አስያዘው። ብር ሲያልቅ የራሱን ቤዝ ጊታሮች ሸጠ። ሄንድሪክስ የቻንድለር ቤት አብሮ ነዋሪ ሆነ። እና «ሄይ ጆ»ን በኦክቶበር 1966 የቀዱት የት ይመስልዎታል? እዚያው ደ ሌን ሊ ስቱዲዮ፤ ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት ቻንድለር ራሱ ቤዝ ይዞ የቆመበት ቤት። አሠራሩም ያንኑ ይመስል ነበር፦ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መግባት፣ ፈጥኖ መቅዳት፣ ፈጥኖ መውጣት። «ዘ ዊንድ ክራይስ ሜሪ»ን እዚያው በሌላ ቀረጻ ማብቂያ በተረፈችው ሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው የጨረሱት።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ይህን ነው። ሄንድሪክስ ለንደን ሲገባ የሌሎችን ዘፈን የሚጫወት ሰው ነበር። ቻንድለር አንተው ጻፍ ብሎ ወተወተው። በ1967 የወጡት ሁለት አልበሞች፣ «አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ» እና «አክሲስ፦ ቦልድ አዝ ላቭ»፣ ዘፈኖቻቸው ከሞላ ጎደል የሄንድሪክስ ድርሰቶች ናቸው። በ1968 ሦስተኛው አልበም ሲቀረጽ ግን ስቱዲዮው በእንግዳ መሞላቱና አንዱን ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ መቅዳቱ አታከተውና ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ የሄንድሪክስ ማናጀርነት አብሮት ይሠራ ለነበረው ለጄፈሪ ብቻ ቀረ።

በ1969 ደግሞ ከእንግሊዝ መካከለኛ ግዛት የመጡ አራት ልጆች አገኘ፤ ስማቸው አምብሮዝ ስሌድ ነበር፤ ስሌድ ብሎ አሳጠረው። ለእነሱም የነገራቸው ያንኑ ነው፦ የራሳችሁን ዘፈን ጻፉ። ኖዲ ሆልደርና ጂም ሊ ጻፉ። ከ1971 እስከ 1973 ድረስ ስሌድ በእንግሊዝ ስድስት ጊዜ አንደኛ ወጣ፤ ሁሉንም ያዘጋጀው ቻንድለር ነው። ከስድስቱ የመጨረሻው የገና ዘፈናቸው ነው፤ እንግሊዝ አገር ዛሬም ዲሴምበር በመጣ ቁጥር በየሱቁና በየሬዲዮው ይሰማል፤ ክፍያውም ለሁለቱ ደራሲዎች ይገባል። በአንድ ሸክላ ወረቀት ላይ ስሙ ያልተጻፈ የቶርኖ ሠራተኛ፣ ለሁለት ተከታታይ ባንዶች «ስማችሁ ይጻፍ» ሲል ድንገት አይመስለኝም። እሱ እንዲህ ብሎ ተናግሯል አልልም፤ ሥራውን ተከታትዬ የደረስኩበት የራሴ ግምት ነው።

ወደ መጨረሻው ቻንድለር ወደ አገሩ ተመለሰና ከሳክስፎን ተጫዋቹ ናይጀል ስታንገር ጋር በኒውካስል ትልቅ የኮንሰርትና የስፖርት አዳራሽ አሠራ። አዳራሹ በ1995 ተከፈተ። ቻንድለር በሚቀጥለው ዓመት፣ በጁላይ 1996፣ በ57 ዓመቱ አረፈ።

በርደን ሌላ መንገድ ሄደ። የመጀመሪያው ባንድ በ1966 ሲፈርስ ስሙን አስቀድሞ «ኤሪክ በርደን ኤንድ ዘ አኒማልስ» የሚል አዲስ ቡድን ሰበሰበ፤ ይህቺ የስም አወጣጥ ከአርባ ዓመት በኋላ መዘዝ እንዳመጣችበት ከታች ያያሉ። ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። በጁን 1967 በሞንተሬይ ፌስቲቫል ዓርብ ማታ እሱ ተጫወተ፤ እሑድ በዚያው መድረክ ቻንድለር ያገኘው ሄንድሪክስ ጊታሩን አቃጠለ። የዚህ አዲስ ቡድን ዘፈኖች ሲታተሙ ደራሲ ተብሎ የሚጻፈው የአምስቱም አባላት ስም ነው። በ1969 ደግሞ ዋር የሚባለውን የሎንግ ቢች ባንድ ተቀላቀለ፤ «ስፒል ዘ ዋይን» በ1970 በአሜሪካ ሦስተኛ ወጣ፤ እዚያም የአባላቱ ስም ተደርድሮ ነው የተጻፈው። በርደን ስለዚያች የ1964 ወረቀት ምሬቱን በአደባባይ ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ ቢያንስ እሱ በነበረበት ባንድ ያ ነገር አልተደገመም።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1970 ለንደን ሮኒ ስኮትስ ክበብ በርደንና ዋር ሲጫወቱ ሄንድሪክስ መጥቶ አብሯቸው ተጫወተ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። በሕዝብ ፊት የተጫወተው ለመጨረሻ ጊዜ ከቻንድለር የድሮ ጓደኛ ጋር ነበር ማለት ነው። በርደን በ1971 ዋርን ተወ፤ ዋር ያለ እሱ ይበልጥ ገነነ፤ በ1972 መጨረሻ ያወጣው «ዘ ወርልድ ኢዝ ኤ ጌቶ» በአሜሪካ በ1973 በሽያጭ ቀዳሚው አልበም ሆነ። በርደን ከዚያ በኋላ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ያን ከፍታ አላየም። ድምፁ ግን አልከዳውም፤ በ2013 የወጣውን «ቲል ዩር ሪቨር ረንስ ድራይ» ሰምቶ መፍረድ ይቻላል።

የቫለንታይን ሕይወት ጸጥ ያለ ነው፤ ልቤ የሚያዝነውም ለእሱ ነው። በ1969 ብቻውን ያወጣው አልበም ጆሮ አላገኘም። በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ ኮነቲከት ኖረ፤ ወደ ልጅነቱ ሙዚቃ ወደ ስኪፍል ተመልሶ በ2004 አንድ አልበም ሠራ፤ አልፎ አልፎም ከስቲል ወይም ከበርደን ጋር መድረክ ወጣ። በጃንዋሪ 2021 በ77 ዓመቱ አረፈ። ሚሊዮኖች በጣታቸው የሚያውቁት ጊታር የእሱ ነው፤ የቅንብሩ ወረቀት ግን ስሙን አያውቅም። «የበይ ተመልካች» የሚለው አባባል ከአምስቱ በማን ላይ ይሠራል ቢሉኝ እሱን ነው የምጠራው።

ስቲል ባንዱ ሳይፈርስ፣ በ1966 መጀመሪያ፣ ወጥቶ ወደ አገር ቤቱ ተመለሰና ንግድ ያዘ፤ በሰባዎቹ ዓመታት በቻንድለር ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። በእሱ ቦታ ባሪ ጄንኪንስ፣ በፕራይስ ቦታ ዴቭ ሮውበሪ ነበሩ። በአዲሱ የበርደን ቡድን ውስጥ በ1968 ለጥቂት ወራት የተጫወተ አንድ ጊታሪስት ደግሞ አለ፤ አንዲ ሰመርስ ይባላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ዘ ፖሊስ ከሚባለው ባንድ ጋር ዓለም ሁሉ አወቀው።

አምስቱ የመጀመሪያ አባላት ተመልሰው ተገናኝተዋል። በ1977 አንድ አልበም፣ በ1983 ሌላ አልበምና የዓለም ጉዞ። በ1994 አሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ገቡ። የዚያች መስመር ቅሬታ ግን ከመካከላቸው አልጠፋም።

ቀጥሎ የስሙ ክርክር መጣ። ስቲል በ2004 «ዘ አኒማልስ» የሚለውን በእንግሊዝ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። በርደን ተቃወመ፤ ሕዝቡ ባንዱን የሚያውቀው በእኔ ነው አለ። በ2008 ለስቲል ተፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ በርደን ከ1967 ጀምሮ «ኤሪክ በርደን ኤንድ ዘ አኒማልስ» እያለ መሥራቱ ነው፤ የራሱን ስም ከባንዱ ስም ለይቶ አቁሞታል ተባለ። በርደን ይግባኝ ብሎ በሴፕቴምበር 2013 ተፈረደለት፤ በስሙ መጠቀም ቻለ። እኔ እንደማየው የይግባኙ ውሳኔ ትክክል ነው። አምስት ሰዎች አብረው ያፈሩትን ስም አንዱ ብቻውን ቀድሞ ስለተመዘገበ ብቻ የግሉ ማድረግ፣ በ1964 በሸክላው ላይ የሆነውን በሌላ መልክ መድገም ይሆን ነበር።

ማዳመጥ ከፈለጉ ከ1964ቱ ሙሉ ቅጂ ይጀምሩ። በአሜሪካ መጀመሪያ የወጣው ሲንግል ሦስት ደቂቃ ገደማ እንዲሆን ተቆርጧልና ሙሉው መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ «ሄይ ጆ»ን፣ «ስፒል ዘ ዋይን»ንና «ጃሮው ሶንግ»ን በዚህ ተራ ይስሟቸው። ባንድ አቋቁመው ከሆነ ደግሞ ቀረጻ ከመግባታችሁ በፊት የማን ስም በድርሰት፣ የማን ስም በቅንብር እንደሚጻፍ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት፤ ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ለመነጋገር በጣም ይከብዳል።